ጢስ ወይስ ዝናብ? የ1928ቱ ጦርነት የመርዝ ስሞችና የቤት ዕቃ መከላከያዎች፣ ከኢስትሊ ሲታዩ

በኬንያ የሚነገረው አማርኛ ታሪክ ከሁለት የተበተኑ ጦሮች ታሪክ ተነጥሎ አይታይም። የመጀመሪያው በ1928 ዓ.ም. የደቡቡ ግንባር ከፈረሰ በኋላ ድንበሩን የተሻገረው ነው፤ ወታደሩም ቤተሰቡም በኢሲዮሎ፣ ቆይቶም በታቬታ በእንግሊዞች ጥበቃ ሥር ሰፍሮ ኖረ። ሁለተኛው በግንቦት 1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን በሞያሌ በኩል የወጣው ሲሆን፣ ከዋልዳና ከካኩማ መጠለያዎች በኋላ ከፊሉ ናይሮቢ ገብቶ በኢስትሊ ተቀመጠ። ኢስትሊ ሲባል ዛሬ የሚታሰበው የገበያው ግርግር፣ የሶማልኛው፣ የኦሮምኛው፣ የስዋሂሊውና የአማርኛው ድብልቅ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ግን ስሙ የሚታወቀው በእንግሊዝ አየር ኃይል ሰፈርነቱ ነበር፤ ማረፊያው ዛሬም በሞይ ስም የሚጠራ የኬንያ አየር ኃይል ሰፈር ነው። በኬንያ ከነበሩት የ1928 ስደተኞች የተመለመለው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ በሱዳን በኩል ጎጃም ገብቶ በ1933 ዓ.ም. ከጣሊያን ጦር ጋር ተዋግቷል።

ስለ ዘመን አቆጣጠር አንድ ነገር መግለጽ ያሻል። ከዚህ በታች ዓ.ም. የሚለው የኢትዮጵያን፣ እ.ኤ.አ. የሚለው የአውሮፓን አቆጣጠር ያመለክታል።

ወታደር ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀው መሣሪያ ሲወድቅበት ሁለት ነገር ከቤቱ ያመጣል፤ ዕቃና ቃል። ዕቃው ይታያል፤ ታሪክ ጸሐፊም ፎቶግራፍ አንሺም ይመዘግበዋል። ቃሉ ግን የሚታየው በጥቂቱ ነው፤ ነገር ግን እጅ የትኛውን ዕቃ እንደሚያነሣ የሚያዝዘው እርሱ ነው። ጢስ ከተባለ አፍንጫ ይሸፈናል፤ ዝናብ ከተባለ ራስና ትከሻ ይሸፈናል፣ የረጠበ ልብስም ይወልቃል፤ እሳት ከተባለ ውሃ ይፈለጋል። በ1928 ዓ.ም. በሰሜንም በደቡብም ግንባር ከአውሮፕላን የወረደው መርዝ ጢስም እሳትም አልነበረም። ቅባት የመሰለ ፈሳሽ ነበር። ይህ የስምና የነገር አለመገጣጠም ስንት ሰው እንደጎዳ በቁጥር ሊነገር አይችልም፤ እንዴት እንደጎዳ ግን ደረጃ በደረጃ ሊታይ ይችላል።

ጓዝና ሰፈር

በመጀመሪያ ደረጃ «የቤት ዕቃ» እና «የጦር ዕቃ» የሚለው ልዩነት ለአሮጌው የኢትዮጵያ ጦር እንግዳ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ጦሩ ሲዘምት ቤቱ አብሮት ይዘምት ነበር። ሚስት፣ አሽከር፣ አህያ፣ ምጣድ፣ ወፍጮ፣ የበሶና የቆሎ ስልቻ፣ ሁሉም «ጓዝ» በሚለው አንድ ቃል ይጠቀለል ነበር፤ ቃሉም ለሚያገባ ሰው፣ ቤት ለሚለውጥ ሰው፣ ለሚዘምትም ሰው እኩል ያገለግላል። «ሰፈር» የሚለው ቃል ከዚህ የበለጠ ይናገራል። «ሰፈረ» ማለት ጦር ይዞ ዐረፈ፣ ድንኳን ተከለ ማለት ነው፤ አዲስ አበባ በየመኳንንቱ የጦር ማረፊያ ዙሪያ ስለተሠራች የድንኳኑ ቦታ የመኖሪያ ቦታ ስም ሆነ። ኢስትሊ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ «ሰፈራችን» ሲል የሚጠቀምበት ቃል የዘመቻ ቃል ነው። የማዕረግ ስሞችም ይህንኑ ይመሰክራሉ፤ ቀኝ አዝማችና ግራ አዝማች ከድንኳኑ ቀኝና ግራ፣ ደጃዝማች ከደጁ ተነሥተው ነው የተሰየሙት። ጦሩ የተደራጀው እንደ ቤት ነው፤ ቤቱ በር አለው፣ ጓዳ አለው፣ ወጥ ቤት አለው።

ስለዚህ በ1928 የዘመተው ሰው የሚለብሰው ሸማ የደንብ ልብሱም ነበር፣ አልጋ ልብሱም ነበር። ከኩታና ከጋቢ በታች ሱሪና እጀ ጠባብ፣ ከሁሉም በታች ባዶ እግር። በአውሮፓ መኮንኖች የሠለጠነው የክብር ዘበኛ እንኳ ካኪ ለብሶ ጫማ የሌለው በብዛት ይታይ ነበር። ነጩ ሸማ ከሰማይ ሲታይ ዒላማ እንደሚሆን አስቀድሞ ታውቆ ስለነበር ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ግንባር ለሚሄዱት የሰጡት ምክር ደማቅና ነጭ ልብስ፣ የወርቅና የብር ጌጥ እንዳይለበስ፣ በአንድ ቦታ በብዛት እንዳይሰበሰቡ፣ ከድንኳን ይልቅ በዋሻና በዛፍ እንዲጠለሉ ያስጠነቅቅ ነበር። ምክሩ ለቦምብና ለመትረየስ ትክክል ነበር። ለመርዝ ግን የተሰናዳ ነገር አልነበረም፤ ሰናፍጭ እንደሚሸት፣ ሣር ላይ እንደሚቀር፣ ሲነካ እንደማያምም የሚያውቅ ሰው ከተራው ወታደር መካከል ከየት ይገኛል?

ከኢፕር እስከ ተከዜ

መርዙ ራሱ ሦስት ስም ይዞ ነው ወደ አማርኛ የደረሰው። ጣሊያኖች «ኢፕሪቴ» ይሉታል፤ ስሙ የተወሰደው ጀርመኖች በሐምሌ ወር 1917 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከተጠቀሙበት ከቤልጅጉ ከተማ ከኢፕር ነው። እንግሊዞች ከሽታው ተነሥተው በሰናፍጭ ስም ሰየሙት፤ በአማርኛም ከቅርብ ጊዜ የትርጉም ጽሑፎች «የሰናፍጭ ጋዝ» የሚለው ተለምዷል፤ ከሰናፍጭ ተክል ጋር ግን አንዳች ዝምድና የለውም። በአማርኛ የታሪክ ጽሑፍ ከሁሉ የበዛው ሦስተኛው ነው፤ «የመርዝ ጢስ» ወይም «የመርዝ ጋዝ»።

ኢፕር ሁለት ጊዜ የተመረዘች ከተማ ናት፤ ይህ ልዩነት ለኋላው ነገር ቁልፍ ነው። በሚያዝያ 1915 እ.ኤ.አ. የተለቀቀው ክሎሪን በእርግጥ እንደ ጢስ በነፋስ እየተነዳ የመጣ፣ በአፍንጫና በጉሮሮ የሚገባ አየር ነበር። በዚያ ሰዓት ጭንብል ያልነበራቸው የካናዳና የፈረንሳይ ወታደሮች መሐረባቸውን በውሃ፣ ውሃ ሲጠፋም በሽንት አርሰው አፍንጫቸው ላይ በማሰር ከፊል ጥበቃ አግኝተዋል። የመሐረቡ ታሪክ በዓለም ላይ ተሰማ። ሁለተኛው፣ የ1917 መርዝ ግን በአፍንጫ ብቻ የሚገባ አልነበረም። በቆዳ ይገባል፤ በልብስ ያልፋል፤ ቆዳ ጫማን እንኳ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። የመሐረቡ ትምህርት ለዚህኛው አይበቃም።

ታኅሣሥ 13 ቀን 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር በተከዜ አጠገብ ሳለ የጣሊያን አውሮፕላኖች መሬት ሲነኩ የሚሰበሩ እንግዳ ዕቃዎች ጣሉ። ራስ እምሩ በኋላ እንደተረኩት፣ ከዕቃዎቹ የወጣው ቀለም የሌለው ፈሳሽ ነበር፤ የነካው ሰው እጁ፣ እግሩና ፊቱ ውሃ ቋጠረ፤ ጥማቸውን ለማርካትና ቃጠሎውን ለማብረድ ወደ ወንዙ የሮጡትም ከወንዙ ዳር ወደቁ። ራስ እምሩ መርዙን እንዴት መዋጋት እንዳለባቸው ምንም እንዳላወቁ አልደበቁም። በዚያ ጊዜ ከተጣሉት መካከል «ሲ 500 ቲ» የሚባለው ቦምብ ይገኛል፤ ወደ 280 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ከዚህ ውስጥ ከ200 ኪሎ በላይ ፈሳሽ መርዝ የያዘ፣ ከመሬት በላይ በአየር ላይ ተከፍቶ መርዙን እንዲያርከፈክፍ የተሠራ ነበር። «አርከፈከፈ» የሚለው ግስ እዚህ ትክክለኛው ግስ ነው። የሚርከፈከፍ ነገር ጢስ አይደለም።

በዚያው ሰሞን በደቡብ፣ በገናሌ ዶርያ በኩል፣ የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ከግራዚያኒ አውሮፕላኖች ያንኑ ዓይነት መርዝ ቀመሰ። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ በቦምብ ተመታ። በኋላ ወደ ኬንያ ከተሻገሩት መካከል የዚህ ግንባር ቅሬታ ነበረበት። እዚህ ላይ ጦሩ ባለ አንድ ቋንቋ እንዳልነበረ መዘንጋት የለበትም። በጎጃም አማርኛ፣ በትግራይ ትግርኛ፣ በደቡብ ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛና ሶማልኛ ይነገር ነበር፤ ትእዛዝና ምክር ግን በአብዛኛው በአማርኛ ይወርዳል። የአማርኛው «ጢስ» ወደ ትግርኛው «ትኪ»፣ ወደ ኦሮምኛው «ኣራ»፣ ወደ ሶማልኛው «ቂቅ» ያለ ምንም እንቅፋት ይሻገራል፤ ኢስትሊ ላይ ደግሞ ወደ ስዋሂሊው «ሞሺ»። ቃሉ የሚሻገረው ከነስሕተቱ ነው።

ሸማ፣ ቅቤ፣ ውሃ

ሸማን ወደ አፍና አፍንጫ መሳብ በ1928 አልተፈጠረም። ነባር የሰውነት ልማድ ነው። «ተከናነበ» የሚለው ግስ ራስንም አፍንም መሸፈንን በአንድ ቃል ይይዛል፤ ሰው ከብርድ፣ ከአቧራ፣ ከመጥፎ ሽታ፣ ከምች ሲጠነቀቅ ይከናነባል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች ደግሞ ባለ ማዕረግ ሰው ከበታቹ ፊት አፉን በሸማ ሲሸፍን፣ የበታቹ ግን ሸማውን ወደ ወገቡ አውርዶ ሲያደገድግ አይተው ጽፈዋል። ሸማ የሚነበብ ጽሑፍ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስለዚህ «ጢስ መጣ» ሲባል እጅ ሳይታዘዝ ኩታውን ወደ አፍንጫ መሳቡ የሚያስገርም አይደለም፤ ከሁሉ የቀረበው ዕቃና ከሁሉ የቀረበው ቃል በአንድ ጊዜ ተገናኙ።

ጥቅም አልነበረውም ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። መርዙ በቀን ሙቀት ሲተን ዓይንንና ሳንባን ይመታል፤ ብዙውን ጊዜ የሚገድለውም የሳንባው ጉዳት ነው። እርጥብ ጨርቅ ትነቱን በጥቂቱ ሊቀንስ ይችል ይሆናል። ችግሩ ሌላው ነው። ሸማው ራሱ ጠብታውን ይጠጣል፤ ጥጥ የቅባት ጠባይ ያለውን ፈሳሽ ይዞ ከቆዳ ጋር ያጣብቀዋል። ሰውዬው አፍንጫውን የጋረደበት ጨርቅ ትከሻውን ያቃጥለዋል። እግሩ ደግሞ ባዶ ነው። ይህ ፈሳሽ ከ14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይረጋል፤ የደጋው ሌሊት ከዚያ በታች ስለሚወርድ መርዙ ሌሊት በሣሩ ላይ ረግቶ አድሮ ጧት ፀሐይ ስታገኘው ይነሣል። ትናንት የተደበደበ ሜዳ ዛሬ ጤዛ ያለበት ሜዳ ይመስላል። ባዶ እግር የሚያልፍበት ሰው ወዲያው ምንም አይሰማውም፤ ቆዳው ውሃ የሚቋጥረው ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግሥቱ ነው። ጢስ ወዲያው ያስላል፣ ወዲያው ያስለቅሳል። ይህኛው አያስልም። ስሙን ያመነ ሰው ባለመሳሉ ደኅና ነኝ ብሎ ያስባል።

ቅቤም እንዲሁ ከዳ። ለቃጠሎ ቅቤ መቀባት፣ ራስን ቅቤ መቀባት የታወቀ የቤት ልማድ ነው፤ የቋጠረ ቁስል ያየ ሰው ቃጠሎ ነው ብሎ መደምደሙም ተፈጥሯዊ ነው። ነገር ግን ይህ መርዝ በውሃ ብዙም የማይሟሟ፣ በስብ ግን በቀላሉ የሚሟሟ ነው። ስብ ባለበት ይሰነብታል፤ ሳይታጠብ ከላዩ የተቀባ ቅቤ ከቆዳው ጋር ያስተሳስረዋል። የቤቱ መድኃኒት ከጠላት ጋር ያበረ ያህል ነው።

ውሃና ሳሙና ግን አላሳፈሩም፤ ከረፈደ ባይሆን። ከተነካ በደቂቃዎች ውስጥ በብዙ ውሃ የታጠበ ሰው ከጉዳቱ ብዙውን ያመልጣል። ወታደሮቹ ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጓደኞቻቸው ሰውነት ነው የተማሩት፤ ጦርነቱ እየገፋ ሲሄድ ቶሎ መታጠብ፣ የተነካ ልብስ መጣል፣ የተረጨበትን ሣር ትቶ በተረገጠ መንገድ ወይም በድንጋያማው መሄድ፣ ከረባዳ ወደ ከፍታ መውጣት እየተለመደ መጣ። በዚያ ዘመን የደጋው ሳሙና እንዶድ መሆኑን እዚህ ላይ ማንሣት ተገቢ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይቶ ምርምሩን የጀመረው ከዚሁ የቤት ልማድ ተነሥቶ ነው። ራስ እምሩ ከተዋጉበት ከሽሬ ዓድዋ ሩቅ አይደለም። ሳሙናው በየወንዙ ዳር ይበቅል ነበር፤ የጎደለው «እጠብ» የሚል ስም ነው።

«ልብስህን ጣል» የሚለው ምክር በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በማይጨውና በኮረም ከፍታ፣ በ2,500 ሜትር አካባቢ፣ ጋቢውን የጣለ ሰው ሌሊቱን እንዴት ያድራል? ጋቢው ብርድ ልብሱ ነው፤ ስንቁን የሚቋጥርበት ነው፤ ቁስለኛ የሚሸከሙበት ቃሬዛ ነው፤ ከሞተም የሚገነዝበት ነው። ራቁቱን የሚሄድ ወታደር ደግሞ በራሱም በባልንጀራውም ዓይን ወታደርነቱ ያበቃ ሰው ነው። ከመርዝ ለመዳን የሚከፈለው ዋጋ ይህን ያህል ነበር፤ ብዙዎች ሸማቸውን ይዘው የቀሩት ከድንቁርና ሳይሆን ከዚህ ሒሳብ የተነሣ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ እጅ ይሠራ ነበር። በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የተቋቋመውና ልዕልት ፀሐይ በትጋት የሠሩበት የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር፣ ከእንግሊዙ ሚኒስትር ባለቤት ከሌዲ ባርተን ጋር ሆኖ፣ ለግንባር ፋሻና ቀላል የጨርቅ ጭንብል አሰፋ። ይህ ታላቅ ሥራ ነበር፤ በስፌት መኪናና በመርፌ የተሠራ የጦር መሣሪያ መከላከያ በአገሪቱ ታሪክ ብርቅ ነው። ሆኖም ጭንብሉም የመጣው ከ1915ቱ ኢፕር ትዝታ ነው። ቤተ መንግሥቱም፣ የውጭ ወዳጁም፣ ባለ ኩታው ገበሬም፣ ሁሉም ወደ አፍንጫ ሮጡ። እግርን ያሰበ አልነበረም።

ጋዝ እና ቆርቆሮ

«የመርዝ ጋዝ» የሚለው ሁለተኛው ስም ለቋንቋ አጥኚ ከ«ጢስ» ይልቅ የሚያጓጓ ነው። በአማርኛ ቤት ውስጥ «ጋዝ» ማለት አየር አይደለም፤ ለኩራዝና ለፋኖስ የሚቀዳ፣ በቆርቆሮ የሚመጣ፣ የሚሸት፣ ልብስ ላይ ከፈሰሰ የማይለቅ ፈሳሽ ነው፤ ነጭ ጋዝ፣ ላምባ። አውሮፓዊው ቃሉን ሲናገር የማይታይ አየር ያስባል። አማርኛ ተናጋሪው ግን ያንኑ ድምፅ ሰምቶ ቆርቆሮና ቅባት ሊያስብ ይችላል። በአጋጣሚ አማርኛው ከነገሩ ጠባይ ጋር ይበልጥ ይቀራረባል፤ ጣሊያን የጣለው በእርግጥ በብረት ዕቃ የመጣ፣ የሚሸት፣ ልብስ የሚያረጥብ ቅባት ነበርና። «መርዛም ላምባ ተረጨ» ተብሎ ቢነገር ኖሮ ማንኛዋም የቤት እመቤት ምን እንደሚደረግ ታውቀው ነበር፤ ልብሱን ማውለቅ፣ በሳሙና ማጠብ፣ ከእህል ማራቅ።

ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ያሰሙት ንግግር ከዚህ አንጻር ሊነበብ ይገባዋል። ንግግሩ የተደረገው በአማርኛ ነው። በዚያ ላይ የቀረበው ቅደም ተከተል በጣም ጠንቃቃ ነው፤ መጀመሪያ አስለቃሽ ጋዝ፣ ቀጥሎ በፈሳሽ የተሞሉ በርሜሎች፣ በመጨረሻም በአውሮፕላኖቹ ላይ የተገጠሙ መርጫዎች፤ እነዚህም በዘጠኝ፣ በዐሥራ አምስት፣ በዐሥራ ስምንት እየተከታተሉ የሚበሩ አውሮፕላኖች ሰውን፣ ከብትን፣ ወንዝን፣ ሐይቅንና ግጦሽን በቀጭን ገዳይ ዝናብ እንዳረሰረሱ ይናገራል። የጉምም ምሳሌ ገብቶበታል። ዝናብ፣ ጉም፣ ማረስረስ፤ የሰማይና የእርሻ ቃላት ናቸው። ከሰባት ወር ጦርነት በኋላ ቋንቋው ከጢስ ወደ ዝናብ ተሻግሮ ትክክለኛውን ስም አግኝቶ ነበር ለማለት ይቻላል። ያገኘው ግን ጦሩ ከተበተነ በኋላ፣ ከአዳራሹ ፎቅ የጣሊያን ጋዜጠኞች በሚያፏጩበት ሰዓት ነው።

ዝናብ የሚለው ስም ቀድሞ ቢገኝ የሚጠራው ዕቃ ሌላ ነበር። የደጋ እረኛ ገሳ አለው፤ ከሣር የሚጎነጎን፣ ውሃ የሚያንሸራትት፣ ሲረክስ የሚጣል። ደበሎ አለ። ዝናብ ያባረረው ሰው ወንዝ ዳር አይቆምም፤ የረጠበ ልብሱን አውልቆ ይሰቅላል፤ እርጥብ ሣር ላይ አይቀመጥም። ቆዳ ይህን መርዝ ለብዙ ጊዜ እንደማያግደው ከላይ ተነግሯል፤ ስለዚህ ደበሎ ፍጹም መከላከያ ነበር ማለት አይቻልም። ከ«ዝናብ» የሚከተለው የጠባይ ሰንሰለት ግን ከ«ጢስ» ከሚከተለው ይልቅ ለእውነተኛው አደጋ የቀረበ ነው።

የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ልዑክ ማርሴል ዩኖ በኮረም አካባቢ በዛፍ ሥር ተጋድመው ያያቸው ቁስለኞች የሚያሰሙትን አንድ ቃል በመጽሐፉ መዝግቧል፤ «አቤት»። የምሕረት ልመና አድርጎ ተርጉሞታል። አማርኛ ለሚያውቅ ግን «አቤት» ከዚያ ይጠልቃል፤ ሲጠሩ የሚመለስ ምላሽ ነው፣ ከዳኛ ፊት የሚቀርብ ጩኸትም ነው፤ «አቤት ባይ»፣ «አቤቱታ» ከዚያ የወጡ ናቸው። ያ ሁሉ ሕዝብ ከዛፍ ሥር ሆኖ ክስ ያሰማ ነበር። ክሱ መልስ ያገኘው ዘግይቶ ነው፤ የጣሊያን መንግሥት በመከላከያ ሚኒስትሩ በጄኔራል ዶሜኒኮ ኮርቾኔ በኩል መርዙ በእርግጥ መጣሉን ያመነው በየካቲት 1996 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከስድሳ ዓመት በኋላ።

ዋሻ

ስለ ዋሻ ባጭሩ። ለቦምብ ከዋሻ የተሻለ መከላከያ የለም፤ ንጉሠ ነገሥቱም በሰሜን ግንባር ዋሻን መቀመጫቸው አድርገው ነበር። የዚህ መርዝ ትነት ግን ከአየር አምስት እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ ወደ ጉድጓድና ወደ ዋሻ ይወርዳል፣ እዚያም ይሰነብታል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በዘረት፣ ሕዝቡ «አመፀኛ ዋሻ» በሚለው ቦታ የአርበኞች ቤተሰብ ከነሕፃናቱ፣ ከነእህሉና ከነማድጋው ተጠልሎ ሳለ የጣሊያን ጦር በዋሻው አፍ መርዝ ተጠቀመ፤ እጃቸውን ከሰጡትም ብዙዎች ተረሸኑ። እዚህ ጓዙ በሙሉ፣ ቤቱ በሙሉ መጠለያ ሆኖ ነበር። ማድጋና ጎተራ ለከበባ ይበጃሉ፤ ለዚህ ግን አልበጁም።

ከኢስትሊ ወዲህ

ወታደር ከቤት ወደ ጦር ሜዳ የወሰደው ዕቃ አንዳንዴ በተቃራኒው ይመለሳል። በኢስትሊ ደረጃዎች ላይ ውሃ የሚወጣበት ቢጫው ጀሪካን መነሻው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ለጀርመን ጦር የተሠራው የ20 ሊትር የነዳጅ ዕቃ ነው፤ እንግሊዞች በሰሜን አፍሪካ ማርከው ቀዱት፣ ስሙንም ለጀርመኖች ከሰጡት የንቀት ስም አወጡለት። በአማርኛም በስዋሂሊም ስሙ ያው ነው፤ የሚቀዳበት ልጅ ግን የጦር ዕቃ እንደሸከመ አያውቅም። የእግር ነገርም ቀጥሏል። በ1928 ባዶ የነበረው እግር ለኋለኛው ትውልድ ተዋጊ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ጫማ አገኘ፤ በአማርኛ «በረባሶ»፣ በኬንያ «አካላ»። ሁለቱ ቃላት በሥርወ ቃል አይዛመዱም፤ ነገሩ ግን አንድ ነው፤ በአንድ የኢስትሊ መደብር በር ላይ ሁለቱም ስሞች ለአንድ ጥንድ ጫማ ሊጠሩ ይችላሉ።

በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲገባ አማርኛ እንደገና ስም ፍለጋ ወጣ። «ጭንብል»፣ «የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ»፣ «ማስክ» እየተባለ በአንድ ጊዜ ተነገረ። በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. የኬንያ መንግሥት ኢስትሊን ለመውጫና ለመግቢያ ዘግቶ በነበረበት ጊዜ ደግሞ የስዋሂሊው «ባራኮዋ» በየማስታወቂያው ይጠራ ነበር። ሸማም ወደ አፍንጫ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ስሙና አደጋው ተገናኝተው ነበርና ልማዱ በትክክለኛው ቦታ ዋለ።

«ጋዝ» የሚለው ቃል ደግሞ በከተማ ትርጉሙን እየለወጠ ነው። በናይሮቢ «ጌሲ» ማለት የወጥ ቤቱ ሲሊንደር ነው፤ ላምባ «ማፉታ ያ ታ» በሚል ሌላ ስም ይጠራል። በዚህ ዙሪያ ያደገ አማርኛ ተናጋሪ «ጋዙን ዝጊው» ሲል የሚያስበው በቆርቆሮ ያለ ቅባት ሳይሆን ሳይታይ ክፍል የሚሞላ አየር ነው። ስለ ተከዜ የተጻፈውን «የመርዝ ጋዝ» ይህ ትውልድ ሲያነብ፣ አያቱ ሊሰማው ይችል የነበረውን ፈሳሽ አይሰማም፤ መምህሩ «ዝናብ ነበር» ብሎ ካልነገረው በቀር።